ከዕርቁ በኋላ የጻፍነው ቅሬታ

በሠራሁባቸው አሥራ አራት ዓመታት አንድም ቀን የዓመት ፈቃድ ወጥቼ አላውቅም። ይህን ለብዙ ጊዜ እንደ ሙያ እቆጥረው ነበር። ጎረቤት ሲጠይቀኝ «እኔ ፈቃድ የሚባል ነገር አላውቅም» እል ነበር፤ ስናገረውም ደስ ይለኝ ነበር።

ሥራዬ አምቦ ውስጥ፣ በነቀምት መንገድ ዳር ባለ አንድ ሆቴል ነበር። የልብስ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ኃላፊ ይባል እንጂ ከእኔ በታች የነበሩት አራት አጣቢዎች ብቻ ናቸው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስለ ጨረስኩ መዝገቡን የምይዘው እኔ ነኝ። የሚገባውንና የሚወጣውን አንሶላ እጽፋለሁ፣ የተቀደደውን እጠቅማለሁ፣ በደንብ ያልነጣውን እመልሳለሁ። አጣቢዎቹ ውሃውን በበርሜል አፍልተው በእጃቸው ነበር የሚያጥቡት። ክረምት ገብቶ ፀሐይ ሲጠፋ እርጥቡን አንሶላ በከሰል ካውያ እያደረቅን ለእንግዳ እናደርሳለን።

አጣቢዎቹ የገጠር ዘመድ ስላላቸው በአጨዳ ጊዜ ሁለት ሦስት ቀን ይጠይቁኛል። አንዷ የሌላዋን እየሸፈነች እለቃቸዋለሁ። እኔን የሚሸፍን ግን አልነበረም፤ ወይም የለም ብዬ አምኜ ነበር። ጥር የሠርግ ወር ነው፣ ከፋሲካ በኋላም ሠርግ ነው፣ ክረምት ደግሞ አንሶላ አይደርቅም። ስለዚህ ሳልጠይቅ ዓመቱ ያልቅና ሌላው ይጀምራል።

የሆቴሉ ባለቤት ከአዲስ ዓለም በኩል የመጡ፣ በኑግና በጤፍ ንግድ የተነሡ ሰው ናቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህን አስቀድሜ መጻፍ አለብኝ፤ የቀረው ታሪክ ሲነበብ ክፉ ሊመስሉ ይችላሉና። እናቴ እጃጂ ከተማ ስታርፍ መኪናቸውን ከነሾፌሩ ለሦስት ቀን ሰጥተውኛል። ራሳቸውም ቀብሩ ላይ ቆመዋል። በዚያ ቀን የነበረው ዝናብ ሰዉን ሁሉ ሲበትን እሳቸው አልሄዱም። እንዲህ ያለ ነገር አይረሳም፤ አፍንም ይይዛል።

ከሚሌኒየሙ በዓል ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ሰኔ ሊያልቅ ሲል ባለቤቱ ግቢ ውስጥ ሰበሰቡን። ሕንፃውን ለአንድ ኮሌጅ እንዳከራዩት፣ ከሐምሌ ጀምሮ ሆቴል እንደማይኖር ነገሩን። ከተማው ተማሪ በተማሪ ሆኖ ስለነበር አልገረመንም። ምሳ አበሉን። ለእያንዳንዳችን ነጠላ ሰጡን። አመስግነን፣ ተመራርቀን ወጣን። ስለ ስንብት ክፍያ እሳቸውም አላነሡም፣ እኛም አልጠየቅንም።

በሳምንቱ ታላቋ አጣቢ ቤቴ መጣች። ሁላችንም አዴ ነው የምንላት፤ በኦሮምኛ ለታላቅ ሴት የምንሰጠው የአክብሮት መጠሪያ ነው። ባል የላትም፣ ልጆቿ አግብተው ሩቅ ናቸው። እጇ በሶዳ ተሰነጣጥቆ ስለነበር ሌላ ቤት አጣቢ ሆና መቀጠር እንደማትችል ታውቀዋለች። አማርኛ ትሰማለች፣ ስትናገር ግን ኦሮምኛ ይቀናታል። ጎረቤቷ ከመንግሥት ድርጅት ሲቀነስ ላገለገለበት ተከፍሎት እንደነበር ነገረችኝ።

«እኛስ ተቀንሰን አይደለም እንዴ? ወይስ የእኛ ሌላ ስም አለው?» አለች።

እኔም ብሆን ከነጠላው ሌላ የያዝኩት ነገር የለም። የቀበሌ ቤት ኪራይ አለብኝ፤ ዕድሜዬም አዲስ ቀጣሪ የሚፈልገው ዓይነት አልነበረም። በማግስቱ ሁለታችን ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄድን።

የተቀበለን ሠራተኛ መነጽር ያደረገ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ጎልማሳ ነበር። ለእኔ በአማርኛ፣ ለአዴ በኦሮምኛ እየመለሰ ሁለታችንንም እኩል አስረዳን። ስንት ዓመት እንደሠራን፣ ሥራው የቆመው በጥፋታችን መሆን አለመሆኑን፣ ፈቃድ ወጥተን እናውቅ እንደሆነ ጠየቀ። እኔ ፈቃድ ወጥቼ እንደማላውቅ ስነግረው እንደ ልማዴ ኮራ ብዬ ነበር። እሱ ግን ቀና ብሎ አየኝና አንድ ነገር ጻፈ። ከዚያ ቅሬታችንን ለአሠሪያችን አቅርበን እንደሆነ ጠየቀ። ገና ነን አልነው።

«እንግዲያው መጀመሪያ እሳቸው ይስሙ። ነገሩን ከፍርድ ቤት መጥሪያ የሰማ ሰው እልኸኛ ይሆናል። በጽሑፍ አቅርቡላቸው፣ መልሳቸውን ጠብቁ። እምቢ ካሉ ወይም ዝም ካሉ ተመለሱ፤ ብቻ ብዙ አትቆዩ፣ ጊዜው ያልፍባችኋል።»

በጽሑፍ ማለቱን በደንብ ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ብል ውሸት ነው። ግን እናቴን ለቀበሩ ሰው ወረቀት መስጠት ነውር ሆኖ ታየኝ። አምስታችን ተሰብስበን ስንመክርም ሌሎቹ እንደ እኔ አሰቡ። በእኛ አገር ሰው የተቀየመውን ትልቅ ሰው በሽማግሌ ነው የሚያናግረው። ሽማግሌ ከሄደ ቅሬታው ቀረበ ማለት ነው ብለን ተስማማን።

ከጤና ጣቢያ በድሬሰርነት ጡረታ የወጡ፣ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የሆኑ አንድ አባት በሰፈራችን ነበሩ። ስንት ሰው በመርፌ አድነዋልና ሰፈሩ በፍቅር ኦቦ ዶክተር፣ አቶ ዶክተር እንደ ማለት፣ ይላቸዋል። እሳቸውን ለመንን፤ ሌሎች ሁለት ሽማግሎች ጨምረው ቅዳሜ ጠዋት ወደ ባለቤቱ ቤት ወሰዱን። ሐምሌ ስለሆነ ሣሩ በየደጁ ለምልሞ ነበር። እንደ ደንቡ እያንዳንዳችን ርጥብ ሣር በእጃችን ይዘን ገባን። ርጥብ ሣር የያዘ ሰው ለሰላም መጣ ማለት ነው፤ ማንም ከበር አይመልሰውም።

ባለቤቱ ሲያዩን ደነገጡ። ሴቶቹ ሁሉ ሣር ይዘው፣ ሦስት ሽማግሌ ከፊት ቆሞ ሲያዩ አንዳች ትልቅ በደል የፈጸሙ መሰላቸው። ኦቦ ዶክተር እንደ ልማዱ ከይቅርታ ጀመሩ። «ልጆችህ አዝነውብሃል» አሏቸው። እሳቸውም ተነሥተው፣ ሳያውቁ ያስቀየሙን ካለ ይቅር እንድንላቸው ጠየቁን። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እኛ ምን እንል? ይቅር አልን። እኛም ካጠፋን ይቅር ይበሉን አልን። ይቅር አሉን። ሽማግሎቹ መረቁ፣ ሣሩን መሬት ላይ አኖርን፣ ሚስታቸው ቁርስ አቀረቡ። በልተን፣ ስለ ዝናቡና ስለ ዘንድሮ ጤፍ አውርተን ወጣን።

መንገድ ላይ አዴ ድንገት ቆመች።

«ታዲያ ምን አገኘን?»

«ሰላም ነዋ» አሉ ኦቦ ዶክተር።

«ጥሩ ነው። ሰላሜን ይዤ ባለሱቁ ጋ ልሂድ። ስኳር ይሰጠኝ እንደሆነ አያለሁ።»

ሽማግሎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ ጠፋ። ማናችንም ስንብት የሚለውን ቃል አላነሣንም። ከመካከላችን አንዱ አንሥቶት ቢሆን ኖሮ መልስ ይኖረው ነበር። የታረቀ ሰው ደግሞ ተመልሶ አይከስስም። ከዕርቅ በኋላ ነገር ያነሣ ሰው በሰፈሩ ምን እንደሚባል አውቃለሁ፤ እኔም ራሴ በሌሎች ላይ ብዬዋለሁ። ክፍያችንን በራሳችን እጅ የዘጋነው መሰለኝ።

ወደ ቢሮው ብቻዬን ተመለስኩ። ሠራተኛው ቅሬታውን አቅርባችሁ ምን መለሱ አለኝ።

«ይቅር አሉን።»

መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «እናንተ ምን አድርጋችኋቸው?» አለ።

ነገሩን ከሣሩ እስከ ቁርሱ ነገርኩት። መሳቅ ጀምሮ ነበር፤ ፊቴን ሲያይ ተወው። እሱም የዚያው አገር ልጅ ስለነበር ዕርቅን አላጣጣለም፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ዕርቁ ይቆይ፣ እርስዎ የሚጽፉት ስለ ሥራው ብቻ ነው አለኝ። ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራን፣ ሥራው ለምን እንደቆመ፣ ምን እንደምንጠይቅ እንጂ ማን ማንን እንዳስቀየመ እንዳልጽፍ ነገረኝ። ያልወጣሁት ፈቃድም በገንዘብ ሊታሰብልኝ እንደሚችል ጨመረ። በሁለት ቅጂ እንዲሆን፣ በአንዱ ላይ ባለቤቱ ደርሶኛል ብለው እንዲፈርሙልኝም አስጠነቀቀኝ። እሱ ሊጽፍልኝ እንደማይችል፣ የጻፍኩትን ግን ሊያየው እንደሚችል ተናገረ።

ቤቴ ተቀምጬ ጻፍኩ። ትምህርት ቤት ሳለሁ ማመልከቻ አጻጻፍ የተማርኩት ትዝ አለኝ። በጥሩ እጅ ጽፌ ይዤለት ሄድኩ። አንብቦ ሲጨርስ እስክሪብቶ አንሥቶ ሦስት ቦታ ላይ ሰረዘ። «በትሕትና እለምናለሁ» ያልኩባቸው ቦታዎች ናቸው። ከበላያቸው «እጠይቃለሁ» ብሎ ጻፈ። ሌላውን አልነካም።

«እትዬ፣ ጽሑፍዎ ጥሩ ነው። ልመናው ብቻ ነው የበዛው» አለኝ።

ሌላ ቀን አሥር እንቁላል ይዤለት ብሄድ አልተቀበለኝም። የተቀመጠው ለዚሁ ሥራ እንደሆነ ነግሮ፣ እስከ በሩ ሸኘኝ። ስሙን አውቀዋለሁ፤ እዚህ አልጽፈውም እንጂ በየዓመቱ አስበዋለሁ።

ደብዳቤው ተገልብጦ አለቀ። አራቱም ሴቶች ግን፣ አዴ እንኳ ሳትቀር፣ ፈሩ። ዕርቅ አፍራሽ እንባላለን አሉ። እኔም ደብዳቤውን ለሁለት ቀን ከመዝገቤ ሥር አኑሬው ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን ወደ ኦቦ ዶክተር ቤት ሄድኩና አንብቤላቸው፣ ይህን ማድረስ የእሳቸውን ዕርቅ ማፍረስ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ነውር ነው ቢሉኝ እቀደው ነበር። ይህን ለራሴ ቆርጬ ነበር የሄድኩት።

አንገታቸውን ደፉ። ዶሮዎቻቸው በረንዳው ላይ ሲወጡ እንኳ አላባረሩም።

«እኔ ያስታረቅሁት ልባችሁን ነው» አሉ በመጨረሻ። «የሥራው ነገር አልተነሣም። ያልተነሣ ነገር አልታረቀም። ማንሣት የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ ሰውየው ሲያለቅሱ አፈርኩና ዘለልኩት። ጥፋቱ የሽማግሌው ነው።»

ከዚያ ኮታቸውን ለበሱ። ደብዳቤውን ይዘውልኝ ሊሄዱ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን እኔው እንድይዘው፣ እሳቸው አጠገቤ እንደሚቆሙ ነገሩኝ። አንድ ትልቅ ሰው በእኔ ፊት «ጥፋቱ የእኔ ነው» ሲል የሰማሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ጥቂት ጊዜ ራሴም ለማለት ሞክሬያለሁ፤ ቀላል አይደለም።

ባለቤቱ የሆቴሉ ቢሮ ውስጥ ዕቃ እያስወጡ ነበር። አልጋዎቹ ተፈታትተው ግድግዳው ጥግ ተደግፈዋል። ደብዳቤውን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። የመጀመሪያውን መስመር አንብበው ፊታቸው ተለወጠ።

«ይቅር ተባብለን የለም እንዴ?» አሉ፤ እኔን ሳይሆን ኦቦ ዶክተርን እያዩ።

«ተባብላችኋል። እንደ ታረቀ ሰው ነው የመጣነው። ቂም ቢኖራት ይህን ወረቀት የምትወስደው ሌላ ቦታ ነበር።»

ባለቤቱ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው አነበቡ። የስንብቱን ነገር ዝም ብለው አለፉት። የዓመት ፈቃዱ ላይ ሲደርሱ ግን ጣታቸውን አኑረው ወደ እኔ ዞሩ።

«ፈቃድ መቼ ጠይቀሽኝ ከለከልኩሽ?»

«ጠይቄዎት አላውቅም።»

«ታዲያ?»

እውነት ነበራቸው። አሥራ አራት ዓመት የኮራሁበት ነገር እሳቸው ፊት ስቆም ስንፍና መሰለኝ። ሌሎቹን በየአጨዳው እየለቀቅሁ ለራሴ አፌን ያልከፈትኩት እኔ ነኝ። ማንም አልከለከለኝም።

«አለመጠየቄ ጥፋቴ ነው» አልኩ። «ሥራውን ግን ሠርቻለሁ።»

ኦቦ ዶክተር እስክሪብቶ ከኪሳቸው አውጥተው ዘረጉላቸው። ባለቤቱ እስክሪብቶውን ትንሽ ጊዜ አዩትና በቅጂው ላይ ደርሶኛል ብለው ፈረሙ። ደብዳቤውን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። እከፍላለሁም አልከፍልምም አላሉም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ረጅም ነበር። በመካከሉ በሰፈራችን ሰው ሞቶ ቀብር ላይ ተገናኘን። ፊታቸውን ያዞሩብኛል ብዬ ወደ ሴቶቹ መሐል ገባሁ። እሳቸው ግን ፈልገው መጡና እንደ ወትሮው ጨበጡኝ። «ዝናቡ ቤትሽን አላስቸገረም?» አሉ። አላስቸገረም አልኩ። ስለ ደብዳቤው ቃል አልተናገርንም። ያ መጨባበጥ እንቅልፍ ሰጥቶኛል። ክፍያው ቢቀር እንኳ ሰውየው እንዳልቀሩብኝ አወቅሁ።

ኋላ እንደሰማሁት ያን ሰሞን ደብዳቤዬን እንደታጠፈ ይዘው ራሳቸው ወደ ቢሮው ሄደው ነበር። መነጽር ያደረገውን ሠራተኛ ስለ እያንዳንዱ መስመር ሲጠይቁት፣ እውነት ሕጉ እንዲህ ይላል ወይ ሲሉት፣ ግማሽ ቀን ቆይተዋል። እሱም ለእኛ እንዳስረዳን አስረዳቸው። ከጠበቃ ጋር እንጂ ብቻውን የመጣ አሠሪ ብዙ እንዳላየ ነገረኝ።

ነሐሴ ሲጋመስ ባለቤቱ አስጠሩን። የስንብት ክፍያው ለአምስታችንም እንደሚከፈል፣ ግማሹ አሁን፣ ግማሹ ከመስቀል በኋላ እንደሚሆን ነገሩን። የእኔ ፈቃድ የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ብቻ እንደሚታሰብ፣ የቆየው ጊዜው እንዳለፈበት ገለጹልኝ። ቢሮውም እንዲያው ብሎኝ ስለነበር አልተከራከርኩም። የቀሩትን ዓመታት የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ የወሰደብኝ የለም።

የሆቴሉ የሒሳብ ሠራተኛ የምንፈርማቸውን ወረቀቶች አዘጋጅቶ ነበር። አዴን አስቀድሞ ጠራትና ቀለሙን አቅርቦ የጣት አሻራዋን የምታሳርፍበትን ቦታ አሳያት። አዴ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

«ናፍ ዱቢሲ» አለችው። አንብብልኝ ማለቷ ነው።

የሒሳብ ሠራተኛው ኦሮምኛ ብዙ አያውቅም፤ ግራ ገባው። ባለቤቱ ወንበራቸውን ስበው አጠገቧ ተቀመጡና ወረቀቱን ተቀብለው መስመር በመስመር በኦሮምኛ ያነቡላት ጀመር። እሷ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። ያገለገለችበት ዘመን ላይ ሲደርሱ አስቆመቻቸው።

«ስንት ዓመት ይላል?»

«አሥራ አንድ።»

«አሥራ ሁለት ነው። የመጣሁት የታላቋ ልጅዎ ሠርግ ሳምንት ነው። የሠርጉን አንሶላ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ረሱት?»

ባለቤቱ አሰቡ። በጣታቸው ቆጠሩ፣ እንደገና ቆጠሩ። ከዚያ ፈገግ አሉና የሒሳብ ሠራተኛውን እስክሪብቶ ወስደው አሥራ አንዱን ሰርዘው በራሳቸው እጅ አሥራ ሁለት ጻፉ፤ ስርዙ ላይም ፈረሙበት። ሒሳቡም እንደዚያው እንዲስተካከል አዘዙ። አዴ «ገለቶማ» ብላ አመሰገነቻቸውና አውራ ጣቷን አሳረፈች። በሶዳ የተጎዳ ጣት ስለነበር አሻራው ጥርት ብሎ አልወጣም፤ ሁለት ጊዜ ደገመች።

ባለቤቱ ወደ እኛ ቀና አሉ። «የእናንተስ ልክ ነው? አሁን አንብቡት» አሉ።

በዚያ ቤት በሠራሁበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ያለ ጥያቄ ስጠየቅ የመጀመሪያዬ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ልክ ነው ወይ ብዬ ጠይቄያቸው አላውቅም። ወረቀቴን ከላይ እስከ ታች ሳልቸኩል አነበብኩ። ልክ ነበር። ልክ ነው አልኩና ፈረምኩ።